ሙቀትን በሸክላ፣ በሰምና በፖሊመር ማጠራቀም
በዳንግላ አካባቢ ለጫጩት ማሳደጊያ የሚሆን መመሪያ

፩. መግቢያ

ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንደሚታወቀው በዚህ ከፍታ ቀኑ ፀሐያማና ለብ ያለ ቢሆንም፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በክረምትም ዝናቡና ጭጋጉ ቤቱን ቀዝቃዛና እርጥብ ያደርገዋል። በእንጅባራና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

ይህ ብርድ በይበልጥ የሚጎዳው ጫጩትን ነው። አንድ ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልገዋል። ላባ እስኪያበቅል ድረስ የገላውን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም። እናቲቱ ካለች በክንፏ ሥር ታሞቀዋለች። ከማራቢያ ጣቢያ በካርቶን ተጭኖ የመጣ የአንድ ቀን ጫጩት ግን እናት የለውም። ስለሆነም አንድ ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ ጫጩት ሲረከብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊቶች ትርፍና ኪሣራው የሚለይባቸው ናቸው።

መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስቀመጥ ነው። ይህ አሠራር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ ሳይኖረው ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። ሁለተኛ፣ ከሰሉ ገንዘብ ያስወጣል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል የሚያከስለው ሸጦ ገቢ ለማግኘት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ ለሚያድር ምድጃ አይደለም።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የምናየው ማታ ለእራት ከሚነደው እሳት የሚገኘውን ሙቀት አጠራቅሞ እስከ ንጋት ማቆየት እንዴት እንደሚቻል ነው። በዚህ ረገድ ሸክላን፣ ሰምንና ፖሊመርን ቀላቅሎ የመሥራት ዘዴ በብዙ አገሮች ይጠናል። ዘዴው ምን እንደሆነ፣ ለእኛ አካባቢ የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይጠቅም በሥሌት እናሳያለን።

፪. ሙቀት የሚጠራቀመው በምን በምን መንገድ ነው?

ሙቀት በሁለት መንገድ ይጠራቀማል።

ሀ) በማሞቅ። ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም ውሃ ስናሞቅ ዕቃው ሙቀቱን ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይሰጣል። ምጣድ ከእሳት ከወረደ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቆሎ ሲያምስ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ መንገድ ጉድለት ዕቃው ሙቀቱን በሰጠ ቁጥር ራሱ እየቀዘቀዘ መሄዱ ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ በኋላ ይበርዳል።

ለ) በማቅለጥ። ከንብ ቀፎ የወጣ ሰፈፍ ወይም የተጣራ ሰም ሲቀልጥ የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሰሙ 62 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይሞቃል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ሳይቋረጥ፣ ሰሙ ሁሉ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ብዙም ከፍ አይልም። በዚህ ጊዜ የሚገባው ሙቀት አልጠፋም፤ ጠጣሩን ወደ ፈሳሽ በመለወጥ ሥራ ላይ ውሏል። የቀለጠው ሰም ከእሳት ወርዶ ሲረጋ፣ ያንኑ ሙቀት መልሶ ያወጣል። ሁሉም እስኪረጋ ድረስም በ62 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል።

የሁለተኛው መንገድ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ሙቀቱን ሳያዋዥቅ ለረጅም ሰዓት መስጠቱ ነው።

፫. የዕቃዎች ንጽጽር

የሙቀት መጠን በኪሎጁል ይለካል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ሸክላ በዲግሪ 0.85 ኪሎጁል ያህል፣ ለአንድ ኪሎ ሰም ደግሞ 2 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ሰሙ ሲቀልጥ ግን ከዚህ በተጨማሪ በኪሎ ወደ 180 ኪሎጁል ይይዛል። የሰም ዓይነት ስለሚለያይ ይህ አኃዝ ለሥሌት ያህል የተወሰደ ነው።

እያንዳንዱ ዕቃ በኪሎ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ በሁለት ሁኔታ እንመልከት።

የመጀመሪያው ሁኔታ፦ ዕቃው ከ68 ዲግሪ ወደ 58 ዲግሪ ብቻ ሲወርድ
— ሸክላ፦ 8.5 ኪሎጁል
— ውሃ፦ 42 ኪሎጁል
— ሰም፦ 200 ኪሎጁል

ሁለተኛው ሁኔታ፦ ዕቃው ከ85 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ
— ሸክላ፦ 38 ኪሎጁል
— ውሃ፦ 189 ኪሎጁል
— ሰም፦ 270 ኪሎጁል

ከዚህ ንጽጽር አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። የሙቀቱ ልዩነት ጠባብ በሆነበት ሥራ ሰም ከውሃ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሙቀቱ ልዩነት ሰፊ ሊሆን በሚችልበት ሥራ ግን ብልጫው ከግማሽ ያንሳል። ስለዚህ «ሰም ከውሃ ይሻላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ «ሥራው የሚፈልገው ሙቀት ምን ያህል ሊዋዥቅ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

፬. ሸክላና ፖሊመር ከሰም ጋር የሚቀላቀሉት ለምንድን ነው?

ሰም ብቻውን ሲሆን ሦስት ችግሮች አሉበት።

1. ሲቀልጥ ይፈሳል። ባልተለበጠ ሸክላ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ በሸክላው ቀዳዳ አልፎ ይወጣል።
2. ሙቀትን በፍጥነት አያስተላልፍም። ከዕቃው ግድግዳ አጠገብ ያለው ሰም ቀድሞ ይረጋና ለመሐከለኛው ሰም እንደ ብርድ ልብስ ይሆነዋል።
3. ሲቀልጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ያብጣል። ጥርቅም ብሎ የተሞላ ዕቃ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለእነዚህ ችግሮች የተገኘው ዘዴ ሰሙን በሌላ ዕቃ ማቀፍ ነው። የመብራት ፈትል ነዳጁን በክሮቹ መካከል ስቦ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ደቀቅ ያለና ቀዳዳ የበዛበት የሸክላ አፈርም የቀለጠ ሰም ስቦ ይይዛል። ሰሙ በውስጡ ቢቀልጥም ጡቡ ቅርጹን ሳይለውጥ ይቆያል። ለዚህ ሥራ በይበልጥ የሚመረጡት ቤንቶናይትና ዲያቶማይት የተባሉ ማዕድናት ናቸው። ሁለቱም በአገራችን ይገኛሉ፤ ቤንቶናይት በአፋር፣ ዲያቶማይት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ። የዳንግላ ቀይ አፈር ሸክላ ቢኖረውም እንደ ቤንቶናይት የሚያብጥ ዓይነት ስላልሆነ የሚይዘው ሰም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ማቀፊያ ፖሊመር ነው። ጄሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የሚቀልጠው በ130 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፋብሪካ ከፓራፊን ሰም ጋር አብሮ ቀልጦ ሲረጋ፣ ፕላስቲኩ እንደ መረብ ሆኖ ሰሙን ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ በ60 ዲግሪ ሰሙ ሲቀልጥ ፕላስቲኩ ግን ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። በቤት ውስጥ ፕላስቲክ ማቅለጥ ጎጂ ጭስ ስለሚያወጣ መሞከር የለበትም።

ማቀፊያው ግን በነጻ አይገኝም፤ ሙቀት የሚይዘው በዋናነት ሰሙ ነውና። ከመቶ 30 እጅ ሰም የያዘ የሸክላ ጡብ፣ ከላይ በተመለከትነው የመጀመሪያ ሁኔታ በኪሎ የሚሰጠው 66 ኪሎጁል ያህል ብቻ ነው። ከመቶ 70 እጅ ሰም የያዘ የፖሊኤቲሊን ቅይጥ ደግሞ ወደ 147 ኪሎጁል ይሰጣል። በሌላ በኩል ሸክላው ሙቀትን ከሰም በተሻለ ሁኔታ ስለሚያስተላልፍ ጡቡ ቶሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ይሰጣል። አያፈስም፤ ቢወድቅም አይደፋም።

፭. በዚህ ረገድ የተሠሩ ሥራዎች

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዶቨር በተባለ ቦታ፣ ማሪያ ቴልከሽ የተባሉ የሃንጋሪ ተወላጅ ሳይንቲስት በፀሐይ የሚሞቅ ቤት አሠሩ። ሙቀቱን ያጠራቀሙት በ32 ዲግሪ በሚቀልጥ ጨው ነበር። ቤቱ ለጊዜው በዚህ ሙቀት ቢሠራም፣ ከጥቂት የብርድ ወቅቶች በኋላ ጨው በመቅለጥና በመርጋት ብዛት ተለያይቶ ከባዱ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ሙቀት የመያዝ ኃይሉም ቀነሰ። ከዚህ የምንማረው አንድ ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት በመሥራቱ ብቻ አስተማማኝ ነው ማለት እንደማይቻል ነው። ብዙ ጊዜ ቀልጦ ብዙ ጊዜ መርጋት አለበት።

በአገራችን ደግሞ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት አስፋፋው ኃይለሥላሴና ሙሉ ባይራይ ከኖርዌዩ ተመራማሪ ኦሌ ኒዳል ጋር በመሆን፣ የፀሐይን ሙቀት በቀለጠ ጨው አጠራቅሞ እንጀራ የመጋገር ሥራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። የእንጀራ ምጣድ 200 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለሚፈልግ ሰም አይሆነውም። የተመረጠው በ220 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ የሶዲየም ናይትሬትና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው። ለሕክምና ሥራ ደግሞ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በ37 ዲግሪ የሚያሞቅ፣ በሰም የተሞላ ከረጢት ያለው መጠቅለያ በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል።

በሦስቱም ሥራዎች የዕቃው ምርጫ የተመሠረተው ሥራው በሚፈልገው ሙቀት ላይ ነው፤ ለቤት 32፣ ለሕፃን 37፣ ለእንጀራ 220።

፮. ለአንድ ሌሊት የሚያስፈልግ ሙቀት

አሁን ወደ ጫጩቱ እንመለስ። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን እንውሰድ። በሁሉም በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጭድ ተጠቅጥቆበታል። በውስጡ 50 ጫጩቶች ያድራሉ። ውስጡ 32 ዲግሪ፣ ውጭው 10 ዲግሪ ነው እንበል።

በሥሌታችን መሠረት ከዚህ ሣጥን በግድግዳውና በአየር መተንፈሻው የሚወጣው ሙቀት ወደ 30 ዋት ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 10 ዋት ያህሉን ጫጩቶቹ ራሳቸው ከገላቸው ያመነጫሉ። ቀሪውን 20 ዋት እኛ መስጠት አለብን። ይህ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ሲታሰብ ወደ 860 ኪሎጁል ይሆናል።

ይህን ሙቀት ለማግኘት ከ85 ወደ 40 ዲግሪ የሚወርድ፦
— 23 ኪሎ ያህል ሸክላ ወይም ጡብ፤
— ወይም 8 ኪሎ ያህል ከመቶ 30 እጅ ሰም ያለው የሸክላ ጡብ፤
— ወይም ከ4 ሊትር ተኩል በላይ ጥቂት ውሃ፤
— ወይም 3 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ሰም ያስፈልጋል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ በማንኛውም ቤት የሚገኝ አንድ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ሙቅ ውሃ ከ3 ኪሎ ሰም ጋር የሚስተካከል ሥራ ይሠራል። ሰሙ ባይቃጠልም፣ ተመልሶ በሥራ ላይ ቢውልም፣ የማኅበሩን ገንዘብ አስሮ ይይዛል። የንብ ሰም ለጧፍና ለውጭ ገበያ የሚፈለግ ምርት ነው። ስለሆነም ለተራ የጫጩት ማሳደጊያ ሰሙን ሸጦ በውሃ መጠቀም ይሻላል እንላለን።

ጭዱን ብናነሣው ይህ ሁሉ ሥሌት ይፈርሳል። በቀጭን ጣውላ ብቻ የተሠራ ሣጥን ሙቀቱን በብዙ እጥፍ ስለሚያባክን ውሃም ሰምም አይበቃውም። ሙቀት ከማጠራቀም በፊት ሙቀት እንዳይወጣ መከላከል ይቀድማል።

፯. የጭድ ሣጥኑ አሠራርና አጠቃቀም

1. ከላይ በተሰጠው ልክ የውስጥ ሣጥን፣ ከዚያም በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የውጭ ሣጥን ይዘጋጅ። ጣውላ ከሌለ የውጭው ከቀርከሃ ወይም ከጭቃ ሊሠራ ይችላል።
2. በሁለቱ መካከልና ከሥሩ ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ድርቆሽ ይጠቅጠቅ። የረጠበ ጭድ ሙቀት አይከለክልም፤ ሻጋታም ያመጣል።
3. ክዳኑ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይሁን። ከላይ በኩል ጫጩት የማይደርስባቸው ጣት የሚያስገቡ 4 መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይተዉ።
4. በአንድ ጥግ ጄሪካኑ የሚቆምበት ቦታ በወንፊት ሽቦ ወይም በቀርከሃ ፍርግርግ ይከለል። ጫጩት ጄሪካኑን መንካት የለበትም።
5. ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት አርፎ ወደ ጄሪካኑ ይገልበጥ፤ ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፤ በአሮጌ ጨርቅም ይጠቅለል። ጨርቁ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ይረዳል።
6. ጄሪካን ሙሉውን ሌሊት በእኩል አያሞቅም። በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጄሪካን ተዘጋጅቶ አንዱ ማታ በ1 ሰዓት፣ ሁለተኛው በፔርሙዝ ወይም በተዳፈነ ምድጃ ላይ በቆየ ውሃ ተሞልቶ ሌሊት በ8 ሰዓት ይግባ።
7. ቀን ቀን ጫጩቶቹ ከሣጥኑ ጋር በተያያዘ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ከጭልፊት በተከለለ ቦታ ይዋሉ። መኖና ውሃቸውም እዚያ ይቅረብ።
8. ሙቀቱ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሂድ።

ቴርሞ ሜትር ከሌለ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ተቃቅፈው ከተደራረቡና ከጮኹ በርዷቸዋል። ከጄሪካኑ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ቢተነፍሱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ጸጥ ብለው ከተኙ ሙቀቱ ልክ ነው። የተደራረቡ ጫጩቶች ከሥር ያሉትን አፍነው ስለሚገድሉ፣ ይህን ያየ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም።

፰. የሰምና የሸክላ ቅይጥን የማሳየት ሙከራ

ቅይጡ እንዴት እንደሚሠራ ለገበሬዎች ማሳየት ለሚፈልግ የልማት ሠራተኛ የሚከተለው ቀላል ሙከራ ይበቃል።

ከሸክላ ሠሪዎች ጥሩ የሸክላ አፈር ይወሰድ፤ በፀሐይ፣ በኋላም በምጣድ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ተወቅጦ ይነፋ። አንድ እጅ ሰም ጣሳ ውስጥ ሆኖ፣ ጣሳው በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ። ከዚያም ሞቅ ያለ ሦስት እጅ የሸክላ ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይማሰል። ድብልቁ በክብሪት ሣጥን ቅርጽ ተጠፍጥፎ ይቀዝቅዝ።

የተሠራው ጡብ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ተቀምጦ 70 ዲግሪ ያህል ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይቆይ። ወረቀቱ ላይ የቅባት እድፍ ከታየ ሰሙ በዝቷል፤ አፈሩ ሊይዘው አልቻለም። በዚህ ጊዜ የአፈሩ መጠን ይጨመር። እድፍ ካልታየ ሙከራው ለ20 ጊዜ ያህል በማሞቅና በማቀዝቀዝ ይደገም። ሳይሰነጠቅና ሳያፈስ የቆየው መጠን ለዚያ አፈር ልኩ ነው። ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ የአንዱ ቀበሌ አፈር ከሌላው ይለያልና።

፱. ጥንቃቄ

— ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ አይቅለጥ። ከሚገባው በላይ ከጋለ ተነሥቶ ይቃጠላል።
— ሰም ከተቃጠለ ውሃ አይደፋበት፤ እሳቱን ያስፈናጥራል። በክዳን ወይም በደረቅ አፈር ይታፈን።
— ሰም የሚቀመጥበት ዕቃ ከአምስት እጅ አንዱ ባዶ ሆኖ ይተው።
— ለእንጀራ ምጣድ ጥናት የዋለው ናይትሬት ከሰም፣ ከጭድ ወይም ከከሰል ጋር ቢገናኝ ብርቱ እሳት ያስነሣል። በገጠር ቤት ውስጥ በምንም መንገድ አይሞከር።
— ከሰል በጫጩት ክፍል ውስጥ አይንደድ።

፲. ለማኅበራት የምንሰጠው ምክር

ሀ) ለጫጩት ማሳደጊያ፦ የጭድ ሣጥንና ሙቅ ውሃ ይቅደም። ጫጩት ከመምጣቱ አንድ ሳምንት በፊት ሣጥኑ ባዶውን በጄሪካን ተሞክሮ፣ ንጋት ላይ ያለው ሙቀት ይለካ።

ለ) ለእንቁላል ማስፈልፈያ፦ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል፤ በጥቂት ዲግሪ መዋዠቅም ይበላሻል። ጠባብ ልዩነት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ሙቀት በመቅለጥ የሚያጠራቅም ዕቃ ቦታው እዚህ ነው። ነገር ግን በ62 ዲግሪ የሚቀልጠው የንብ ሰም ለዚህ አይሆንም፤ ለዚሁ ሙቀት ተብሎ የተዘጋጀ ፓራፊን ያስፈልጋል። ይህ እስኪገኝ ታቃፊ ዶሮ የምትወዳደር አይደለችም።

ሐ) የተዘጋጀ የሰም ወይም የፖሊመር ቅይጥ ለመግዛት ሲታሰብ፦ ሻጩ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? በኪሎ ስንት ኪሎጁል ይይዛል? ስንት ጊዜ ቀልጦና ረግቶ ተፈትኗል? ለሦስቱ መልስ የሌለው ዕቃ አይገዛ።

መ) የልማት ሠራተኛው በየሌሊቱ ያለውን የውጭና የውስጥ ሙቀት፣ የገባውን ውሃ መጠንና የሞቱትን ጫጩቶች ቁጥር ይመዝግብ። የአንድ ወቅት መዝገብ ለቀጣዩ ወቅት ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ መምህር ነው።